የባኽ የመጀመሪያ ታሪክ ጸሐፊ ከተማ

ከፍራንክፈርት የጀርመን የዩኒቨርሲቲ ከተማ ወደሆነችው ጎቲንገን በፈጣን ባቡር ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከጣቢያው እስከ መሃል ከተማው አደባባይ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ የእግር መንገድ ስለሆነ ታክሲ አያስፈልግም። ደስ ያሰኘኝ በየቤቱ ግድግዳ የተለጠፈው ነጭ ሰሌዳ ነው፤ የትኛው ሊቅ ከመቼ እስከ መቼ እዚያ እንደኖረ ይናገራል። እኛ ጋ ይህን የሚያውቁት የሰፈር ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

የመጣሁት የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የዮሃን ሴባስቲያን ባኽን የሕይወት ታሪክ መጀመሪያ ለጻፈው ለዮሃን ኒኮላውስ ፎርክል ብዬ ነው። በ1749 እ.ኤ.አ. ኮቡርግ አጠገብ ሜደር ተወለደ። በ1769 ሕግ ሊማር ጎቲንገን ገባ፤ በዓመቱ የዩኒቨርሲቲው ኦርጋን ተጫዋች፣ በ1779 የሙዚቃ ኃላፊ ሆነ፤ በ1818 እስኪሞትም ከዚያው አልተነቀለም። አጠቃላይ የሙዚቃ ታሪኩ ሁለት ቅጽ ወጥቶለት (1788 እና 1801) ገና 16ኛው መቶ ዘመን ላይ ቆመ። ባኽ ጋ ሳይደርስ ዕድሜው እንዳያልቅ የሰጋ ይመስላል፤ የባኽን ሕይወት ለብቻው ጽፎ በ1802 ላይፕሲሽ አሳተመ። ትልቁ ሀብቱ ከባኽ ልጆች ከዊልሄልም ፍሪደማንና ከካርል ፊሊፕ ኢማኑኤል በቀጥታ የሰማው ነው።

ያደርኩበት ሆቴል የባቡር ሐዲዱን ተጠግቶ የተሠራ ነው፤ የጭነት ባቡር ሌሊቱን ሙሉ ሲያንቀጠቅጠው አደረ። ጠዋት ለደረቅ ዳቦና ለአይብ 17 ዩሮ አስከፈሉኝ። ፎርክል እንደሚለው ካውንት ካይዘርሊንክ የተባለ መኳንንትም እንቅልፍ ቢያጣ የቤቱ ሙዚቀኛ ወጣቱ ጎልድበርግ ሌሊት እንዲጫወትለት ባኽን ዛሬ «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» የሚባለውን ሙዚቃ አሠርቶ፣ ሉዊ የሚባል 100 የወርቅ ሳንቲም የሞላ የወርቅ ዋንጫ ሸለመው። ታሪኩ ያምራል፤ ግን በ1741 የታተመው የሙዚቃው ቅጂ ለካውንቱ መታሰቢያ አልተጻፈበትም፣ ጎልድበርግም ያኔ 14 ዓመቱ ነበር። ፎርክል ከልጆቹ የሰማውን ሁሉ ሳያበጥር ይወስዳልና እንዲህ ያለውን ከሰነድ ጋር እያመሳከሩ ማንበብ ይሻላል።

ሁለተኛው ጉድለቱ ይብሳል፦ ስለ ባኽ የክላቪየር (እንደ ፒያኖ ያለ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) እና የኦርጋን ሥራዎች በሰፊው ጽፎ የቤተ ክርስቲያን ካንታታዎቹን (በመዘምራንና በመሣሪያ የሚቀርቡ የዜማ ሥራዎቹን) በጥቂት መስመር ያልፋቸዋል። ያንን ለመሙላት ባኽ የቤተ ክርስቲያን ሙዚቃ ወደመራበት ላይፕሲሽ መቀጠል ነው። በቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን አብዛኛውን ጊዜ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት፣ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት (በእኛ አቆጣጠር) መዘምራኑ ይዘምራሉ። ወንበር ቁጥር የለውምና ቀደም ብሎ ሄዶ መሰለፍ ነው።