የጣውላ ወለል ቀለም እንዲደርቅ ከፈለጋችሁ ጥረጉት

የሳሎናችንን የጣውላ ወለል ስቴይን፣ ማለትም የእንጨት ማቅለሚያ፣ የቀባልን ባለሙያ "ነገ ይደርቃል" ብሎን ሄደ። በማግስቱ አልደረቀም። በሦስተኛው ቀንም ያው ነው። በካልሲ ስትረግጡት ቸክ ብሎ ይይዛል፣ አቧራውም ላዩ ላይ እየተለጠፈ ይቀራል። "ትንሽ ጊዜ ስጡት" ያላለን ሰው የለም። ነገሩን ሳጣራ ግን በጊዜ ብቻ የሚፈታ ሆኖ አላገኘሁትም። ያንን ወለል ራሴ አስተካከልኩ። ከዚያ መኝታ ቤቱን ከባዶ ጣውላ ጀምሬ ቀባሁ። ሁለቱን ሥራ ሳወዳድር የገባኝን ነው የምነግራችሁ።

የማወራው ስለ ዘይት ስቴይን ነው። በውሃ የሚቀጥነው በጣም ቶሎ ስለሚደርቅ ችግሩ ሌላ ነው። የዘይቱ ዓይነት እንደታጠበ ልብስ ተንኖ ብቻ አያልቅለትም። መጀመሪያ ማቅጠኛው ይተናል። ከዚያ የቀረው ዘይት ከአየሩ ኦክስጅን እየወሰደ ቀስ በቀስ ይጠነክራል። ስለዚህ የሚፈልገው ሙቀት ብቻ አይደለም፣ የሚንቀሳቀስ አየርም ነው።

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ይበልጣል። ስቴይን የተሠራው እንጨቱ ውስጥ እንዲገባ እንጂ ላዩ ላይ እንዲቀመጥ አይደለም። ላይ ላዩን ጠንካራ ሽፋን መሥራት የቫርኒሽ ድርሻ ነው። እንጨቱ ጠጥቶ የተረፈው ስቴይን ካልተጠረገ ወፍራም ሆኖ ይተኛል። ከላይ ስስ ቆዳ ያወጣል፣ ከሥሩ ያለው አየር አያገኝም፣ እናም ለሳምንታት ሊያጣብቅ ይችላል። የእኛ ሳሎን የሆነው ይሄው ነው። ቀለሙ ተቀብቷል፣ ግን አልተጠረገም።

መፍትሔው ከፈራሁት በላይ ቀላል ነበር። ጨርቅ አኳራጅ አስነክቼ፣ ማለትም የዘይት ቀለም ማቅጠኛ፣ ከበር ጀርባ አንድ ጥግ ላይ ሞከርኩ። የሚያጣብቀው ነገር ሟሙቶ ለቀቀ፤ ከሥሩ ያለው ቀለም ግን እንጨቱ ውስጥ ስለገባ አልጠፋም። ትንሽ ብቻ ፈካ። ከዚያ ወለሉን በሙሉ በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ ጠረግኩት። አንድ ቦታ እምቢ ሲለኝ ያንኑ ስቴይን በስሱ ደግሜ ቀባሁበት። አዲሱ አሮጌውን ያለሰልሰዋል፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለቱንም አብራችሁ ትጠርጋላችሁ። ይሄ ብልሃት በጣም ይሠራል። የማይሠራው ላዩን በቫርኒሽ "ማሸግ" ነው። ብዙ ሰው የሚመክረውም እሱን ነው። እርጥብ ስቴይን ላይ የተቀባ ቫርኒሽ እንጨቱን አይይዝም፣ ቆይቶ ይላጣል። ያኔ መፍትሔው ሁሉንም ፍቆ እንደገና መጀመር ነው።

መኝታ ቤቱን ስጀምር ታዲያ ከሁሉ በፊት ያሰብኩት ስለ ማለስለሱ ነበር። ጣውላው ስቴይኑን ካልጠጣ የቱንም ያህል ብትጠብቁት ዋጋ የለውም። ከሸካራው ብርጭቆ ወረቀት ጀምሬ ቁጥር 80 ላይ አለፍኩ፣ 100 ላይ አቆምኩ። ከዚያ በላይ ማለስለስ ያምራል፣ ግን የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል። አሮጌ ሰም ወይም ቫርኒሽ የቀረበት ቦታም እንዲሁ አይጠጣም፤ በተለይ የግድግዳው ጥግ ጥጉ። አቧራውን ደግሞ በመጥረጊያ ብቻ አትመኑት። በማሽን ምጠጡት፣ በጣውላዎቹ መገናኛ ውስጥ የቀረው ከስቴይኑ ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆናል።

ቆርቆሮውን ከሥሩ ድረስ በደንብ አማሱት። ቀለሙ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ሳይማሰል የተቀባ ስቴይን አንዱ ጋ ይፈካል፣ ሌላው ጋ ይጠቁራል።

ሥራውን ለሁለት ሠራነው። እኔ ከጣውላው ርዝመት ጋር እየቀባሁ እሄዳለሁ፣ ወንድሜ ከኋላዬ እየጠረገ ይከተለኛል። ስቴይኑ እንጨቱ ላይ የሚቆየው ቆርቆሮው ላይ እንደተጻፈው ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መቀየር ያስፈልጋል። የጠገበ ጨርቅ ስቴይኑን አያነሳም፣ ከቦታ ቦታ ያዞረዋል እንጂ። ወንድሜ "ቀለሙን ሁሉ እያነሳሁት ነው እኮ!" እያለ ይሰጋ ነበር። አይዞህ፣ የሚፈለገው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል አልኩት። ጠቆር ያለ ከፈለጋችሁ ጠቆር ያለ ስቴይን ምረጡ፣ አወፍራችሁ አትቀቡ።

ከጠረግን በኋላ ያየሁት ነገር ይገርማል። ጣውላው ኦክ ነው፤ ኦክ ደግሞ ረጃጅም ክፍት ቀዳዳ አለው። ጎንበስ ብዬ ወለሉን በመስኮቱ ብርሃን አቅጣጫ ሳየው፣ ደርቆ የደበዘዘው ጣውላ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያክሉ የሚያብረቀርቁ ነጠብጣቦች በመስመር ተደርድረዋል። እንጨቱ የጠጣውን መልሶ እየተፋው ነው። እነዚህ ነጠብጣቦች ሳይጠረጉ ቢያድሩ እያንዳንዳቸው የሚያጣብቅ ጠባሳ ሆነው ይቀራሉ። ስለዚህ በየግማሽ ሰዓቱ ገደማ እየተመለስን በደረቅ ጨርቅ ጠረግን፣ መትፋቱን እስኪያቆም ድረስ። ሳሎኑን የቀባልን ሰው ጠርጎትም ቢሆን ኖሮ ይሄን ሳያይ ከሄደ ችግሩ አይቀርም ነበር።

አየሩን በተመለከተ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚጻፈው የማድረቂያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ለ20 ምናምን ዲግሪ ሙቀትና ለ50 በመቶ ገደማ እርጥበት ነው። ክፍሉ ከቀዘቀዘ ወይም አየሩ እርጥብ ከሆነ ሰዓቱ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በደረቅ ቀን መስኮት ክፈቱ። ቬንትሌተር ካላችሁ ወደ ውጭ እንዲነፍስ መስኮቱ ጋ አቁሙት፤ ወደ ወለሉ ካዞራችሁት አቧራ ይዘራበታል።

ስለ ጨርቆቹ ሳልናገር አላልፍም። በዘይት ስቴይን የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተጣለ ሲደርቅ በሚያወጣው ሙቀት ራሱ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ክብሪት አያስፈልገውም። እኛ ከቤት ውጭ አንድ በአንድ ዘርግተን አደረቅናቸው። ውሃ በሞላበት ክዳን ባለው ብረት ጣሳ ውስጥ መንከርም ይቻላል። እባካችሁ፣ ይሄን አትናቁት።

መድረቁን የማውቀው በነጭ ጨርቅ ነው። ጥግ ላይ ጫን አድርጌ አሻለሁ። ቀለም ከያዘ አልደረቀም። መዳፌን ሳሳርፍ ቀዝቀዝ ካለኝ ወይም ወለሉ ጋ ስጠጋ ሽታው ገና አፍንጫ የሚመታ ከሆነም እጠብቃለሁ። በዘይት ስቴይን ላይ በውሃ የሚቀጥን ቫርኒሽ የምትቀቡ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ታገሡ፤ እስከ 72 ሰዓት መጠበቅ የተለመደ ነው። ጣውላው ቲክ ወይም ሮዝውድ ከሆነ የራሱ ዘይት መድረቁን ስለሚያዘገይ፣ እኔ ብሆን ስቴይኑን ትቼ በተፈጥሮ ቀለሙ እተወዋለሁ።

መኝታ ቤቱ ነጩን ጨርቅ ሳያቀልም ሲያልፍ ቫርኒሹን ቀባን። ሳሎኑም ከተጠረገ በኋላ በዚያው ፈተና አለፈ። አሁን ሁለቱም ላይ በባዶ እግር እንሄዳለን፤ ምንጣፉን ግን ቫርኒሹ በደንብ እስኪጠነክር ገና አላነጠፍንም።