ሐይቅ ላይ መንጠቆ ለምትጥሉ፦ መጀመሪያ ቦታው

ስለ አሳ ማጥመድ የሚጠይቀኝ ሰው አብዛኛው የሚጠይቀኝ ስለ ምግቡ ነው። ትል ይሻላል ወይስ ሊጥ? በቆሎስ ይበላል? ጥያቄው ደግ ነው፤ ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት አሳው አሁን የት ነው ያለው የሚለው ነው። አሳ በሌለበት ቦታ ምርጥ ትል ይዛችሁ ብትውሉም ባዶ እጃችሁን ነው የምትመለሱት።

የኛ ሐይቅ፣ ስሙም ሐይቅ የሚባለው፣ ከደሴ በወልዲያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዳችሁ የምታገኙት፣ ከላይ ሲያዩት ገር ይመስላል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። መሃሉ ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ከዳር ብዙም ሳትርቁ ወለሉ ቁልቁል ይወርዳል። ሰው ጥልቁ ጋ ትልቅ አሳ ያለ ይመስለዋል። የለም። የታችኛው ውሃ ኦክሲጅን ስለሚያጥረው ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) እዚያ አይኖርም። የሚውለው ከዳር ጀምሮ ወለሉ ቁልቁል እስከሚወርድበት አፋፍ ባለው ጠባብ ስፍራ ነው፤ እዚያም ቢሆን በየቦታው ተበትኖ ሳይሆን መጠጊያ ባለበት፦ የደንገሉ ሥር፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ዛፍ፣ የድንጋይ ክምር።

ይሄ የኛ ሐይቅ ጠባይ ብቻ አይደለም። በሰሜን አትላንቲክ ፖላክ የሚባለውን አሳ የሚያጠምዱ ሰዎች ጀልባቸውን የሚወስዱት የሰመጠ መርከብ ወዳለበት ነው። ትንንሾቹ አሳዎች ስብርባሪው ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ፖላኩ እነሱን ለመብላት ከበላዩ ያንዣብባል። መንጠቆውን እስከ ታች ያወርዱና ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይስቡታል። ፖላክ ከያዘ በኋላ ቁልቁል ወደ ስብርባሪው ነው የሚሮጠው፤ እዚያ ከገባ ክሩ ተበጠሰ ማለት ነው። እኛ መርከብ የለንም። የወደቀው ዛፍ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል፣ ዘዴውም እዚህ ይሠራል።

እንዴት ነው ታዲያ? ታንኳ ላይ ከሆናችሁ መንጠቆ ከመጣላችሁ በፊት ወለሉን ለኩ። ጠንካራ ክር ላይ ድንጋይ እሰሩና በየክንዱ ቋጠሮ አድርጉበት። ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ድንጋዩ ሲያርፍ ክሩ ይላላል፣ ያኔ ቋጠሮውን ቁጠሩ። ትንሽ ቀዝፋችሁ ድገሙት። በድንገት ቋጠሮው ከበዛ አፋፉ ላይ ናችሁ። ድንጋዩ ሲነሳ ያዝ ለቀቅ ካደረጋችሁ ደግሞ ከሥር እንጨት አለ፤ ቦታውን ከዳር ባለ ዛፍ ወይም ቤት አስምራችሁ ያዙት።

እንጨት ያለበት ቦታ ክር ይበላል፣ ብዙ ሰው የሚሸሸውም ለዚህ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ለክብደት የምታስሩትን ድንጋይ በዋናው ክር ሳይሆን በቀጭን የልብስ ስፌት ክር አንጠልጥሉት። ሲያዝባችሁ ቀጭኑ ክር ይበጠሳል፣ ድንጋዩ ይቀራል፣ መንጠቆውና አሳው ይመጣሉ። መንጠቆውን ወለል ላይ አታስተኙት፤ ካረፈ በኋላ አንድ ሁለት ክንድ አንሱት። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆውም ትንሽ ይሁን፣ ጫፉንም ትሉ ይሸፍነው። እና ሲይዝ አትለማመጡት! ወዲያው ጠበቅ አድርጋችሁ ከእንጨቱ አርቁት። የደንገል ሥር ዞሮ ከገባ አበቃ።

ውሃው ጥርት ያለ ሲሆን ጥላችሁም ያስበረግጋል። ፀሐይ ከጀርባችሁ አትሁን፤ ታንኳው ውስጥ ዕቃ አታንኳኩ።

አምባዛ ለብቻው ነው። እሱ በዓይኑ ሳይሆን በሽታና በጢሙ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ ሲመሽና ውሃው ሲደፈርስ ይወጣል። ክረምት ላይ ከጎረቤታችን ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ወንዝ የሚገባበትን አካባቢ ሞክሩ። የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት፣ ወፍራም ክር፣ ትልቅ መንጠቆ። ስታወጡት ተጠንቀቁ፤ በሁለቱ የጎን ክንፎቹ ላይ ሹል እሾህ አለው፣ እጅ ይቀዳል። ከክንፎቹ ኋላ በጨርቅ ጭምቅ አድርጋችሁ ያዙት።

አሁን ከልቤ የምለው። ቆሮሶ ድሮ እዚህ ሐይቅ አልነበረም፤ በ1970 ዓ.ም. ገደማ ነው አምጥተው የለቀቁት። ዛሬ የስንት ቤተሰብ እንጀራ ሆኗል፤ ጾም ሲገባማ ፈላጊው ብዛቱ! ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳር ላይ አሸዋውን ቆፍሮ ክብ ጎጆ ይሠራል። ሴቷ እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው፣ ጫጩቶቹንም ለተወሰነ ጊዜ እዚያው ትጠብቃቸዋለች። አፏ ውስጥ እንቁላል ወይም ጫጩት ያያችሁባትን፣ አያ፣ እባካችሁ በእርጥብ እጅ ይዛችሁ ወዲያው ልቀቋት። ክቡን ጎጆ ካያችሁ ሌላ ቦታ ሂዱ፤ እዚያ መረብ መዘርጋት የከርሞውን አሳ ዘንድሮ መጨረስ ነው። መዳፍ የማይሞላውንም መልሱት፣ ለወጥም አይሆንም።

የተበጠሰ ናይለን ክር ደግሞ ዳር ላይ አትጣሉ። የወፍ እግር ይተበትባል፣ ውሃ ውስጥ ከቀረም አይበሰብስም። ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱትና ቤት ስትደርሱ አስወግዱት።