ባሕሩ ሸሽቶ የዋለበት ቀን

አውስትራሊያ፣ ኬርንስ ከተማ ከገባሁ ሦስተኛ ቀኔ ነው። ዛሬ ቀትር ላይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ወጣሁ፤ ባሕሩ ግን የለም። ውኃው ሸሽቶ ጭቃ ብቻ ቀርቷል። ግራጫ፣ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያብረቀርቅ ጭቃ። ወፎች ረጅም ምንቃራቸውን እየሰኩ ምግባቸውን ይለቅማሉ። ከእነዚህ ወፎች ውስጥ ከሳይቤሪያ ድረስ በርረው የሚመጡ አሉ። ለእነሱ ጭቃው ማዕድ ነው።

ለሰው ግን አይሆንም። ውኃው ሲመለስም አዞ አለ። ከኖቬምበር እስከ ሜይ ደግሞ ጄሊፊሽ የሚባል፣ ነድፎ ሰው የሚገድል የባሕር እንስሳ ይመጣል። የዚህች የሰሜን ኩዊንስላንድ ከተማ ሰው ባሕር ደጁ ላይ ተዘርግቶለት መግባት ይፈራል። እናም እ.ኤ.አ. በ2003 እዚያው ዳርቻው ላይ 4,800 ካሬ ሜትር የሚሰፋ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ተከፈተ። ውኃው ጨዋማ ነው፤ ተጣርቶ የሚገባ። ነፍስ አድን ሠራተኞች ይጠብቁታል።

መግቢያውን ፍለጋ ትንሽ ዞርኩ። ትኬት ቆራጭ ይኖራል ብዬ ነበር። የለም። ከመንገዱ ወርዶ፣ ሣሩን አቋርጦ መግባት ነው፤ በቃ።

ይህን ስጽፍ እጄ የሚፈጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ሌላ አገር፣ እናቴን ይዤ ሐይቅ ላሳያት ሄጄ ነበር። ዳርቻው በሙሉ በሆቴሎች ታጥሯል። አንዱ በር ላይ ጥበቃው «እንግዳ ካልሆናችሁ አይቻልም» አለን። እናቴ ምንም ሳትል ዞራ ሄደች። ያን ቀን ውኃውን ያየነው በአጥር ቀዳዳ ነው።

እዚህ አንዲት አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው እስከ ጉልበታቸው ገብተው ቆመዋል። የሥራ ልብስ የለበሰ ወጣት እግሩን ውኃ ውስጥ አድርጎ ምሳውን ይበላል። ልጆች ይንጫጫሉ። ከሁሉም በላይ ከአውስትራሊያ ሰሜን ጫፍ ያሉት የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጅ የሆነው ሠዓሊና ቀራፂ ብራያን ሮቢንሰን የሠራቸው የብረት ዓሦች ከፍ ብለው ቆመዋል፤ ከቅጠል የተጎነጎኑ ይመስላሉ።

ፓምፑም፣ ማጣሪያውም፣ ጠባቂውም ገንዘብ ይበላል። ባሕሩ በደንብ የሚታይበት ቦታ ደግሞ የትም አገር ውድ ነው። ያንን ቦታ ለማንም በነፃ ክፍት ማድረግ ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ከሐይቁ ውበት ይልቅ የነካኝ እሱ ነው።

እኔ ዋና አልችልም። ቢሆንም ገባሁ። ውኃው ደረቴ ጋ ሲደርስ ቆምኩና ጭቃውን አሻግሬ አየሁ።

አመሻሽ ላይ ባሕሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። ለእናቴ ደወልኩላትና የማየውን ነገርኳት።

«ስንት ያስከፍላሉ?» አለችኝ።

«ምንም።»

ትንሽ ዝም ብላ፣ «እንደ እኔ ያለ ትልቅ ሰውም ይገባል?» አለችኝ።