በጎ ፈቃድ፦ የመንደራዋ ጎረቤታችን ጥሬ ቡና

በሰው አገር ሥራ አጥቼ የቤት ኪራይ በተጠራቀመብኝ ክረምት፣ አንድ ወዳጄ በሰፈሬ ወደሚገኝ የቤተ ክርስቲያን ጽሕፈት ቤት ወስዶኝ «የቤኔቮለንስ ፈንድ» (የበጎ ፈቃድ መርጃ ገንዘብ) የሚል ቅጽ ተሰጠኝ። ቅጹ የወር ገቢዬን፣ የባንክ ሒሳቤንና የአከራዬን ስልክ ከጠየቀ በኋላ፣ ችግሬን የምዘረዝርባቸው ስድስት ባዶ መስመሮች ነበሩት፤ እነርሱን ለመሙላት አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ገንዘቡ ተሰጥቶኛል፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጡ ሰዎች መጠየቃቸውም ተገቢ ነው፤ ውለታቸውንም አልረሳሁም። ቃሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለ ትርጉሙን መከታተል ጀመርኩ።

ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን «ቤኔ» መልካም፣ «ቮለንስ» ደግሞ የሚሻ ወይም የሚፈቅድ ማለት ነው። ስለዚህ ከእጅ በፊት ስለ ልብ የሚናገር ቃል ነው። እኛም በጎ ፈቃድን ከበጎ አድራጎት ለይተን እንጠራለን፤ አንዱ መመኘቱ፣ ሌላው ማድረጉ ነው። ቸርነት ብንለው ከሁሉ አስቀድሞ የፈጣሪን ያስታውሰናል፤ ልግስና፣ ሀብት ያለው ሰው የሚያደርገው ነው፤ ደግነት ግን ምንም ከሌለውም ሰው ይገኛል። በእንግሊዝ አገር ንጉሥ ኤድዋርድ አራተኛ ከ1470ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «በፈቃዳችሁ ስጡ» እያለ ከባለጸጎች የሰበሰበው ገንዘብ በዚሁ «ቤኔቮለንስ» በሚለው ስም ይጠራ ነበር፤ እምቢ ማለት የማይቻልበት ስጦታ በመሆኑም ፓርላማው በ1484 ከለከለው። ፈቃዱ የሞላበት ስጦታ ምን እንደሚመስል ያየሁት ግን በልጅነቴ፣ ጅማ ነው።

አባቴ ያረፈው መንደራ ሰፈር ሳለን፣ እኔ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነበር። ዕድሩ ድንኳኑን ተክሎ፣ ለቀስተኛውን አስተናግዶ ከተበተነ በኋላ ቤታችን ባዶ ሆነ። ሐጂያ የምንላቸው ጎረቤታችን በየሳምንቱ ጥሬ ቡና በሰፌድ ይዘው ይመጡና እናቴን «ልጄ፣ ዓይኔ ደከመ፤ እስቲ ይህን ልቀሚልኝ» ይሏታል። ለቅማ ስትመልስላቸው ግማሹን በጣሳ ሰፍረው «ይህ የለቃሚዋ ነው» ብለው ይሰጧታል፤ እናቴም የድካሟን ዋጋ እንደተቀበለች ሴት ቀና ብላ ትገባለች። እኚያው ሴት በዚያው ሰሞን በኩራዝ ብርሃን መርፌ ላይ ክር ሲያስገቡ አይቻለሁ። በሦስተኛው ዓመት ለእናቴ ብነግራት «ገና በመጀመሪያው ቀን ነው ያወቅሁት» አለችኝ። ሁለቱም ዐውቀው ዝም መባባላቸው ዛሬም ይደንቀኛል።

ባለፈው ዓመት ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዤ ጅማ ገባሁና እርሳቸው ቤት ሄድኩ። በሩ ሲንኳኳ «ማነው? ኸይር ነው?» አሉ፤ ድምፄን ሲሰሙ ግን እጄን ይዘው ዱአ አደረጉልኝ። አሁን ዓይናቸው በእርግጥ ደክሟል። ያመጣሁትን ገንዘብ እንዴት እንደምሰጣቸው መንገዱን ሁሉ ሳስብበት መጥቼ፣ እንደ እርሳቸው ያለ ብልሃት ስላጣሁ ለልጃቸው በጓሮ በኩል ሰጠኋት። ከዚያ በሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሰፌዱን ተቀበልኩና ቡናውን መልቀም ጀመርኩ። ስጨርስ ጣሳውን በእጃቸው ዳስሰው አገኙና ሞልተው ወደ እኔ ዘረጉ።

«ይህ የለቃሚው ነው» አሉኝ።