መልኩ አንድ፣ ሥራው ሌላ

ባለፈው ክረምት አዳማ ወደምሠራበት ላቦራቶሪ አንድ የጅቡቲ መስመር ሹፌር መጣ። ከስቷል። ሌሊት እያላበው ልብስ ይቀይራል፤ በግራ በኩል ከጎድኑ ሥር የሚከብደው ነገር አለ። «እህቴ፣ ሁለት ጉርሻ ስበላ ጥግብ እላለሁ» አለኝ። ሁለት ዙር አንቲባዮቲክ ጨርሷል። ማሽኑ ነጭ የደም ሴሉን 68,000 አለ። ጤነኛ አዋቂ ላይ በማይክሮ ሊትር ከ4,000 እስከ 11,000 ገደማ ነው።

ቁጥሩ ያስደነግጣል፣ በሽታውን ግን አይናገርም። ከባድ ኢንፌክሽንም ከ50,000 በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ሲኤምኤል የምንለው የደም ካንሰርም እንደዚሁ። ደሙን የቀባሁበትን መስታወት፣ ስላይዱን፣ በማይክሮስኮፕ ሳይ ያልበሰሉ ሴሎች ሞልተዋል፣ ቤዞፊል የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነትም በዝቷል፤ ይሄ ወደ ሲኤምኤል ያደላል። የበሰሉት ኒውትሮፊሎች፣ ኢንፌክሽን የሚዋጉት ነጭ ሴሎች፣ ግን የማንም ጤነኛ ሰው ይመስላሉ።

እነዚህን የሚያጋልጥ አንድ ድሮ የተማርኩት ምርመራ አለ። በኒውትሮፊል ውስጥ አልካላይን ፎስፋቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለ፤ ኢንዛይም ሌሎች ሞለኪውሎችን የሚለውጥ ፕሮቲን ነው። ስላይዱ ላይ ኢንዛይሙ የሚሰብረውን ነገር ታፈስሻለሽ፣ በሰበረበት ቦታ ቀለም ይቀራል። 100 ኒውትሮፊል ትቆጥሪያለሽ፣ ለእያንዳንዱ እንደ ድምቀቱ ከ0 እስከ 4 ትሰጪያለሽ፣ ከፍተኛው ድምር 400 ነው። ኢንፌክሽን ከሆነ ይደምቃል፣ ሲኤምኤል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ሊሆን ምንም አይቀረውም።

ተማሪ ሆኜ ስሠራው የጤነኛ ጓደኛዬ ደም ሳይቀር ፈዝዞ ወጣ፣ እና በጣም ደነገጥኩ። ጥፋቱ ወይን ጠጅ ክዳን ባለው ቱቦ መቅዳቴ ነበር። ውስጡ ያለው ኢዲቲኤ ደም እንዳይረጋ ካልሲየሙን ሲይዝ፣ ኢንዛይሙ የሚሠራበትን ማግኒዥየምና ዚንክም ይዞበታል። ከጣት ወስጄ ቀጥታ ስላይድ ላይ ስቀባው ደመቀ። ይሄን የማያውቅ ሰው ጤነኛውን ካንሰር አለበት ሊል ይችላል!

ሹፌሩ ላይ በሽተኞቹ ሴሎች ብዙ ናቸው። የሚከብደው ከጡት ወይም ከሳንባ ዕጢ አምልጦ ደም ውስጥ የሚዞረውን ሴል መያዝ ነው፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ በሚሊዮን ከሚቆጠሩ ነጭ ሴሎች መሀል ጥቂት፣ አንዳንዴም አንድ ብቻ፣ ከኩንታል ጤፍ ውስጥ አንዲት ጠጠር እንደመልቀም። ኢንዛይም እዚህ ጋ ነው የሚያስደስተኝ። አንዱ ኢንዛይም ሳያልቅ በሺህ የሚቆጠር ሞለኪውል ስለሚለውጥ ትንሿ ምልክት እያደር ትጎላለች። ተመራማሪዎች ሴሉን ብቻውን በጥቃቅን ጠብታ ውስጥ ይዘጉበታል፣ ቀለሙ ወደ ጎረቤት እንዳይፈስ። ከሚፈለጉት ኢንዛይሞች አንዱ ቴሎሜሬዝ ነው፤ ከ85 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑ ካንሰሮች ላይ ይገኛል።

ወደ ሹፌሩ ልመለስ። የኒውትሮፊሉ ቀለም እኛ ጋ የለም። ስላይዱን ለሐኪሙ አሳይቼ ያየሁትን ጽፌ ወደ አዲስ አበባ ተላከ። የዘረመል ምርመራው ሲኤምኤል አለ። የሚገርመው በሽታውን የሚነዳው ቢሲአር ኤቢኤል ራሱ ኢንዛይም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 አሜሪካ ውስጥ የጸደቀው ኢማቲኒብ የሚባለው መድኃኒትም የሚያግደው እሱኑ ነው። ክኒኑን ጀመረ።

በጥር ተመልሶ መጣ። ነጭ ሴሉ 7,200። እንጀራውን ሙሉ እየበላ ነው።