ሦስት ጊዜ የተላከው ትእዛዝ

አንድ መድኃኒት አከፋፋይ ደንበኛችን በጠዋቱ ደወሉ። «አንዱን ትእዛዝ ሦስቴ የምትልኩት ምን በድያችሁ ነው?»

የክምችት ፋይላቸው ኤስ 3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ላይ ሲጫን፣ ሰርቨር ሳንይዝ ኮዳችንን የሚያስኬድልን የአማዞን ላምዳ ይነሳል፤ አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የጻፍነው ፈንክሽን የጎደለውን አስልቶ ለአቅራቢው ኢሜይል ይልካል። ላምዳ እንደ ፓይተንና ጃቫ ለአር የተዘጋጀ ራንታይም (ኮዱን የሚያስኬድ ፕሮግራም) ስለሌለው፣ ሥራ እየጠየቀ የሚያመጣውን ሉፕ (ተደጋግሞ የሚሠራ ኮድ) የጻፍነው እኛው ነን።

«ፋይሉን ደጋግመው ጭነውት ይሆናል» ተባለ። ጥርጣሬ ሁልጊዜ ደንበኛው ላይ ነው የሚጀምረው! የፈንክሽኑ ሥራ የሚመዘገብበትን ሎግ ብናየው «ሥራ ተጀመረ» የሚል መስመር ተደርድሯል፤ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

የሚገርመው፣ መለያው እጃችን ላይ ነበር። ላምዳ ሥራውን ሲሰጥ የጥያቄውን መለያ ቁጥርና የጊዜ ገደቡን በሄደሩ (ከመልእክቱ ጋር በሚመጣው ተጨማሪ መረጃ) አብሮ ይልካል። ሉፑ መለያውን መልስ ለመመለስ ብቻ ይጠቀምበትና ለፈንክሽኑ ሳያቀብል ይጥለዋል። «ኮንቴክስት» የሚባል ሁለተኛ አርጊውመንት (ለፈንክሽኑ የሚሰጥ ግብዓት) ጨምረን አሳለፍነው። (አርን ላምዳ ላይ ለማስኬድ የተዘጋጀውን ላምዳር የተባለ ፓኬጅ የሚጠቀም ሰው ይህን አርጊውመንት ፈንክሽኑ ላይ መጨመር ብቻ ይበቃዋል።) በማግስቱ ሎጉ ላይ ሦስቱም ሩጫዎች አንድ መለያ ይዘው ተገኙ። ፋይሉ እንደገና ቢጫን ኖሮ መለያው አዲስ ይሆን ነበር። ኢሜይሉ ከሄደ በኋላ ፈንክሽኑ መዝገብ ሲያስቀምጥ ጊዜው አልቆ ይገደላል፤ ላምዳም እንደከሸፈ ቆጥሮ በልማዱ ሁለት ጊዜ ይደግመዋል።

አንድ ባልደረባችን ከመላኩ በፊት የቀረው ጊዜ እንዲታይ ኮድ ጨመረ። የዚያን ዕለት ጭራሽ አንድም ኢሜይል አልወጣም። ገደቡ ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚሊሰከንድ የተቆጠረ ባለ 13 አሃዝ ቁጥር ነው፤ የአር ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ደግሞ ከ2,147,483,647 አያልፍም። ኢንቲጀር ሲያደርገው ኤንኤ (ዋጋው የማይታወቅ) ሆነ፤ ሁኔታን የሚፈትሸው «ኢፍ» ደግሞ ኤንኤ ሲገጥመው ሥራውን ያቆማል። ትልቅ ቁጥር ወደሚይዘው ኒውመሪክ ሲቀየር ተስተካከለ።

የከረረው ክርክር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መለያውን ሠንጠረዥ ላይ መዝግበን፣ ቀድሞ ካለ አንልክም አልን። ግን ከመላክ በፊት ይመዝገብ ወይስ በኋላ? በፊት ከሆነ መሃል ላይ የሞተ ሥራ ሳይላክ ይቀራል፤ በኋላ ከሆነ ድግግሞሹ ሊመለስ ይችላል። እኔ «በፊት» ባይ ነበርኩ። ደንበኛውን ጠየቅናቸው። «የቀረውን ደውዬ እጠይቃለሁ፤ ሦስት እጥፍ መድኃኒት ግን የት አስቀምጣለሁ?» አሉ።