ውድ የእጅ ባትሪ ዋጋውን ያወጣል?

«ጋሼ፣ ይሄ ቀይ ነው ቡናማ?»

የአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ነን። የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሳጥን ፊት ተንበርክኬያለሁ። የምድር ቤቱን መብራት ለሥራው ብለን ራሳችን ነን ያጠፋነው። ያለን ብርሃን አብሮኝ የሚሠራው ልጅ የያዘው የእጅ ባትሪ ብቻ ነው። ከገመዱ ውስጥ 12 ቀጫጭን ሽቦዎች ወጥተዋል። ልጁ ያሳየኝን ሽቦ አገላብጬ አየሁት። ወደ ዓይኔ አስጠግቼም አየሁት። «ቀይ ነው፣ እሰረው» አልኩት።

ኃይል ስንለቅ ፓምፑ አልነሳም። ስህተቱን ፈልገን እስክናገኝ ሁለት ሰዓት ሄደ። ከዚያ ከሽቦው ጫፍ ትንሽ ቆርጬ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ በር ላይ በፀሐይ አየሁት። ቡናማ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ አይሳሳተውም።

የልጁ ባትሪ አልደከመም ነበር። እንዲያውም ብርሃኑ ዓይን ያጠፋ ነበር። ያን ያህል ብርሃን እያለ ቀዩን ከቡናማው መለየት ለምን አቃተኝ? ስለ እጅ ባትሪ በደንብ ማሰብ የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው።

አሁን የምሠራባት ባትሪ የዚያን ዓይነቱን አሥር ትገዛለች። ያየ ሁሉ «ለእጅ ባትሪ ይህን ሁሉ ገንዘብ?» ይለኛል። መልሴ አዎ ነው፣ ዋጋዋን አውጥታለች። ግን ብዙ ሰው ውድ ባትሪ ሲገዛ የሚያየው ነገርና እኔ ገንዘቤን የሰጠሁበት ነገር አይገናኙም። እሱን ነው ዛሬ ላስረዳ የፈለግኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። በቋንቋችን መብራቱንም፣ ውስጡ የሚገባውንም ባትሪ ነው የምንለው። እንዳይምታታ መብራቱን ባትሪ፣ የሚገባውን ድንጋይ እላለሁ።

መጀመሪያ እኔም የሄድኩት በቁጥሩ ነው። ካርቶኑ ላይ 3000 ሉመን የሚል ትልቅ ጽሑፍ አየሁና ገዛሁ። ሉመን ባትሪው በጠቅላላ የሚያወጣው ብርሃን የሚለካበት ነው። የዚያን ዕለት ማታ ሳበራው ደስ አለኝ። ጨለማው በአንዴ ተገፈፈ። ትንሽ ቆይቶ ግን የያዝኩበት እጄ ሞቀኝ። ወዲያው ደግሞ ብርሃኑ ቀነሰ። ዓይኔ ስለለመደው መሰለኝ።

ለማረጋገጥ ስል ቀላል ሙከራ አደረግኩ። ክፍሉን አጨለምኩ። ባትሪውን ወለል ላይ ቀጥ አድርጌ አቆምኩትና ወደ ጣሪያው እንዲያበራ አደረግኩ። አጠገቡ ብርሃን የሚለካ መተግበሪያ የጫንኩበትን ስልክ አስቀመጥኩ። በየ30 ሰከንዱ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ብርሃኑ ወደ ሲሶው ወርዷል። ከዚያ በኋላ እዚያው ቆመ።

ባትሪው ተበላሽቶ እንዳይመስላችሁ። ራሱን እያዳነ ነው። ብርሃኑን የሚሰጠው ትንሽ ክፍል ኤልኢዲ ይባላል፤ ከሚወስደው ኃይል ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። መዳፍ የምታክል ብረት ያንን ሁሉ ሙቀት ወደ አየር ልታስወጣ አትችልም። ስለዚህ ውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ ሙቀቱን እየለካ ኃይሉን ይቀንሳል። በአግባቡ የተሠራ ባትሪ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ካርቶኑ ላይ ያለው 3000 እውነት ነው። ለአንድና ሁለት ደቂቃ እውነት ነው።

አምራቾች የሚለኩበት ኤፍ ኤል 1 የሚባል መመዘኛ አለ። በ2009 እ.ኤ.አ. ነው የወጣው። ጥሩ ነገር ነው፤ ከሱ በፊት ሁሉም የመሰለውን ይጽፍ ነበር። ግን አለካኩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሉመኑ የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። «ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል» የሚለው ደግሞ ብርሃኑ ወደ መነሻው 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ሁሉ ይቆጥራል። ስለዚህ «3000 ሉመን፣ 4 ሰዓት» የሚል ካያችሁ አራቱንም ሰዓት በ3000 ማለት አይደለም።

ይህን በራሳችሁ ሒሳብ ማጣራት ትችላላችሁ። ብዙ ኃይለኛ ባትሪዎች የሚወስዱት ድንጋይ 21700 ይባላል። 21 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ 70 ሚሊሜትር ይረዝማል። ጥሩው 5000 ሚሊ አምፒር ሰዓት ይይዛል፤ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 18 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ዋት በግምት 100 ሉመን ይሰጣል ብንል 3000 ሉመን 30 ዋት ይፈልጋል። 18ን ለ30 ስታካፍሉት 36 ደቂቃ ይመጣል። አበቃ። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በሆነ ቦታ ላይ ብርሃኑ ወርዷል ማለት ነው።

ይሄው ሒሳብ ዓይን ያወጣውን ውሸትም ያጋልጣል። በአንድ ድንጋይ 100,000 ሉመን የሚሉ ባትሪዎች አሉ። 100,000 ሉመን በዚሁ ሒሳብ 1000 ዋት ነው። የልብስ ካውያ የሚበላው ኃይል ማለት ነው። ካውያ በእጃችሁ ጨብጣችሁ መሄድ ትችላላችሁ? ቢቻል እንኳ ድንጋዩ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ያልቃል። እንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ያለበትን ዕቃ ሳየው ከልቤ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም የሚገዛው ሰው ብርሃን የቸገረው ሰው ነው።

የርቀቱም ቁጥር እንደዚሁ ነው። «300 ሜትር» ማለት 300 ሜትር ላይ ያለው ነገር ሙሉ ጨረቃ ያበራችበትን ያህል ብርሃን ያገኛል ማለት ነው፤ 0.25 ሉክስ (ሉክስ አንድ ቦታ ላይ የሚያርፈው ብርሃን የሚለካበት ነው)። ቅርጽ ይታያችኋል፣ ሰው ይሁን ግንድ ግን ላትለዩ ትችላላችሁ። 150 ሜትር ላይ አራት እጥፍ ይደምቃል። በተቃራኒው ርቀቱን እጥፍ ለማድረግ ጨረሩ አራት እጥፍ መጠንከር አለበት። ዓይናችንም ሉመን በእጥፍ ሲጨምር እጥፍ ደመቀ አይለንም። ከ1000 ወደ 2000 ለመውጣት ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰው በዓይኑ የሚያየው ልዩነት ትንሽ ነው።

ታዲያ ገንዘቤ የት ሄደ? ወደ ሽቦው እንመለስ።

ነጭ የሚባለው ኤልኢዲ ከስሩ ነጭ አይደለም። ሰማያዊ ነው። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የሠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ በ2014 እ.ኤ.አ. የፊዚክስ ኖቤል ተሸልመውበታል። በዚህ ሰማያዊ ላይ ፎስፈር የሚባል ቢጫ ነገር ይቀባበታል። ከፊሉ ሰማያዊ ያልፋል፣ ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ሁለቱ ሲደባለቁ ለዓይናችን ነጭ ይመስላል። በዚህ ድብልቅ ውስጥ ቀይ በጣም ጥቂት ነው። ብርሃኑ ውስጥ የሌለ ቀለም ደግሞ ከዕቃው ላይ ተመልሶ ወደ ዓይናችን ሊመጣ አይችልም። የእኔ ቀይና ቡናማ አንድ የሆኑብኝ ለዚህ ነው።

ቀይ የሚጨምር ፎስፈር አለ። ለምን ሁሉም አይጠቀሙበትም? ሉመን የሚሰላው ዓይናችን ምን ያህል እንደሚያየው ተመዝኖ ነው። ዓይናችን አረንጓዴና ቢጫ ላይ በጣም ንቁ ነው፣ ደማቅ ቀይ ላይ ደካማ ነው። ስለዚህ ቀይ ሲጨመር ሉመኑ ይቀንሳል። ያ ካርቶኑ ላይ ያለው ትልቅ ቁጥር ከፊሉ የተገኘው ቀዩ ተሽጦ ነው። ይህን የተረዳሁ ቀን በቁጥር መግዛት አቆምኩ።

ቀለም በትክክል ማሳየትን የሚለካው ቁጥር ሲአርአይ ይባላል። ከ100 ነው የሚታሰበው። የተለመዱት 70 አካባቢ ናቸው። የእኔዋ ኒቺያ የተባለው የጃፓን አምራች የሚሠራው 519ኤ የሚባል ኤልኢዲ አላት፣ ሲአርአይዋ ከ90 በላይ ነው። ብርሃኗ እንደ ርካሾቹ ወደ ሰማያዊ አያደላም፤ ወደ ጠዋት ፀሐይ ይቀርባል። ሉመኗ ከዚያ ከ3000ው በብዙ ያነሰ ነው። ግን ከስሯ የማየው ሽቦ በቀን የማየው ሽቦ ነው። የተቃጠለ ቦታም ይታየኛል፤ ሙቀት የነካው ፕላስቲክ ትንሽ ቡኒ ሲል በሰማያዊ ብርሃን ያልፈኛል፣ በዚህች ግን አያልፈኝም።

ሌላው ገንዘቤ የሄደበት ቦታ አይታይም። ኤልኢዲውን የሚመግበው ሰርኪት ነው። ርካሾቹ ላይ ድንጋዩ እየደከመ በሄደ ቁጥር ብርሃኑም አብሮ እየደከመ ይሄዳል። ጥሩ ሰርኪት ያለው ግን ድንጋዩ ሊያልቅ ጥቂት እስኪቀረው ብርሃኑን እኩል ይዞ ይቆያል። ብርሃን ለመቀነስም ብዙዎቹ ርካሽ ባትሪዎች ኤልኢዲውን በፍጥነት ማብራት ማጥፋት ነው የሚያደርጉት። ዓይናችን ብልጭታውን አይለየውም። ሆኖም ብልጭታው ከሚሽከረከር ነገር ጋር ሲገጣጠም የሚዞረው የቆመ ወይም ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስላል። የሞተር ማራገቢያ ቆሟል ብሎ እጁን የሚዘረጋ ሰው ምን እንደሚሆን አስቡት። መፈተሻው ቀላል ነው። ባትሪውን ቀንሳችሁ አብሩና ጣቶቻችሁን ከፊቱ በፍጥነት አወዛውዙ። ጣቶቻችሁ እንደ ፎቶ ተቆራርጠው ከታዩ ብልጭ ድርግም እያለ ነው።

ያልጠበቅኩት ነገር ደግሞ ትንሹን ብርሃን መውደዴ ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ለሚሠራ ሰው 100 ሉመን ይበቃዋል። ከዚያ ሲያልፍ የሳጥኑ ነጭ ቀለም መልሶ ዓይኔን ያጥበረብረኛል። የእኔዋ ከ1 ሉመን በታች የሆነ ደረጃም አላት። ሌሊት ልጆቹ ተኝተው እያለ በእሷ ነው የምንቀሳቀሰው። ትልቁን ደረጃ በሳምንት አንዴ ብነካው ነው።

ውሃ የማይገባባቸው መሆን፣ ሲወድቁ አለመሰበር፣ ይሄ ሁሉ ጥሩ ነው። አሁን መካከለኛ ዋጋ ያላቸውም ያደርጉታል።

ድንጋዩን ግን አደራ። በሺዎች የሚያወጣ ባትሪ ገዝቶ ውስጡ የማይታወቅ ድንጋይ የሚከት ሰው አይቻለሁ። 18650 የሚባለው ድንጋይ ከ3600 ሚሊ አምፒር ሰዓት ብዙም አያልፍም። 9900 የሚል ከተጻፈበት ውሸት ነው። ትክክለኛው ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል፤ ሚዛን ላይ አስቀምጡትና በጣም ከቀለለ አትመኑት። ኃይለኛ ባትሪ ቦርሳ ውስጥ ሳይታወቅ ከበራ ጨርቅ ያቃጥላል። እኔ ስይዘው የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር እፈታዋለሁ። በብዙዎቹ ላይ ይህ ብቻ ግንኙነቱን ያቋርጠዋል።

መብራት ሲጠፋ ብቻ ለሚፈልጋት ሰው ውዱን አልመክርም። በተራ ድንጋይ የምትሠራ ቀላል ባትሪ ትበቃዋለች። ድንጋዮቹን ከውስጧ አውጥቶ ለብቻ ያስቀምጣቸው፤ የአልካላይን ድንጋይ ከቆየ ፈሳሽ ያወጣና ማገናኛውን ይበላዋል። በጨለማ ውስጥ በእጁ የሚሠራ፣ ቁስል የሚያይ፣ ሽቦ የሚለይ፣ ሞተር የሚፈታ ሰው ግን ለጥሩው ብርሃን ገንዘቡን ያውጣ። የካርቶኑን ትልቅ ቁጥር ይተውና ሲአርአይውን ይጠይቅ።

ያችን ቡናማ ቁራጭ ሽቦ አልጣልኳትም። ከአንዲት ቀይ ቁራጭ ጋር በቴፕ አስሬ መሣሪያ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫታለሁ። አዲስ ባትሪ ሳገኝ መጀመሪያ የማበራው እነሱ ላይ ነው። ባለፈው ልጁ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቆይቶ የራሱን ባትሪ ገዛ። ለማንም ሳያሳይ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ሳጥኑን ክፈትልኝ» አለ። ከፈትኩለት። ምድር ቤት ወረድን፣ መብራቱን አጠፋን፣ ሁለቱን ሽቦዎች መዳፌ ላይ ዘረጋሁለት። አበራና ጎንበስ ብሎ አያቸው።

«ይሄኛው ነው ቡናማው» አለኝ፣ በጣቱ እየነካው።